በ«እህም» የሚመራ ቤት

ተክለኣብ ጠዋት ጠዋት ዳዊት መድገም ከጀመረ ወዲህ ልደታ ሰፈር ስሙ ገነነ። ማኅበር ላይ ቆሞ፣ «ወንድ ልጅ ቤቱን የሚመራው በጸሎት ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ይመራል። ጸሎት ተጀምሮ ወሬ ነውር ስለሆነ ግን የሚመራው በ«እህም» ነው። «እህም» ብሎ ወደ ጫማው ከጠቆመ፣ ጥረጊልኝ ማለቱ ነው። «እህምምም» ብሎ ወደ ሸሚዙ ከሆነ ደግሞ፣ እስካሁን አልተተኮሰም? ልጁ ያለቀሰ እንደሆነማ «እህም! እህም!» እያለ ወደ ልጁ ይጠቁማል። ሚስቱ ማዕዛ እሱን ስታስጸልይ የመሥሪያ ቤቷ ሰርቪስ ጥሏት ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ማዕዛ ወተት ጣደችና ነጠላዋን አጣፍታ፣ ውዳሴ ማርያሟን ይዛ አጠገቡ ቆመች። ልጁ ጮኸ። ወተቱ መንተክተክ ጀመረ።

«እህም!» አለ ተክለኣብ ወደ ወጥ ቤት እየጠቆመ።

«እህም» አለች ማዕዛም፣ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳትነቅል ወደዚያው እየጠቆመች።

ወተቱ ገነፈለ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ዳዊቱን ዘግቶ ሮጠ። እሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችው።

ከዚያ ወዲህ ተክለኣብ የሚጸልየው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነው።

«እቤት ተመስጦ የለም» ይላል ለማኅበርተኞቹ፤ «ሚስቴ ጸሎት አብዝታለች።»