ሊሾውን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ

አባቴ የወደቁት እኔ ባሳመርሁት ወለል ላይ ነው። ሰው ከማውራቱ በፊት ራሴ ልናገረው ብዬ ነው፤ ቡሬ ውስጥ ጥፋትን ከባለቤቱ አፍ እስኪሰማ የሚታገሥ ጎረቤት የለም።

ቤታችን ከገበያው ጀርባ ነው። ወለሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እበት ሲለቀለቅ የኖረ አፈር ነበር። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ እናቴን ሳስታምም፣ እሷም ካለፈች በኋላ ቤቱን ስይዝ፣ ያ ወለል በየሳምንቱ ጉልበቴን ሲበላ ከረመ። አምና ከመስጊዱ ማዶ ቤት ሲሠራ ግንበኞቹ ሊሾ ሲያፈሱ ሦስት ቀን ቆሜ አየሁ። አሸዋው ስንት እጅ፣ ሲሚንቶው ስንት እጅ፣ ማለስለሻው ካዙላ ወዴት ዘንበል እንደሚል በዓይኔ ወሰድሁት። ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እንዲሁ ነው፤ ንባቤንም ያሰፋሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ተማሪ ከጣለው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ሊሾውን ራሴ አፈሰስሁት። አልበቃኝም። ለአረፋ በዓል ሻማ ፍቄ በነጭ ጋዝ ለውሼ እስኪያብረቀርቅ ወለወልሁት። መስኮቱ ሲከፈት ደመናው ወለሉ ላይ ሲሄድ ይታይ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ናዚፋ ደጃፍ ቆመው አዩትና መግባቱን ፈሩ።

"ይኼ የሰው ቤት ነው የእንቁራሪት ኩሬ?" አሉ።

እንቁራሪት ሁልጊዜ የምትሰማው ከደጅ ነው አልኋቸው። ስቄም ነበር።

በዓሉ ባለፈ በአምስተኛው ቀን፣ ገበያ ቀን፣ አባቴ ለዙሁር ሰላት ከጓሮ እጅ እግራቸውን ታጥበው፣ ውዱዕ አድርገው ገቡ። ከጓሮው በር እስከ ስፌት መኪናቸው ሰባት እርምጃ ነው። እነዚያን ሰባት እርምጃዎች ዕድሜ ልካቸውን በእርጥብ እግራቸው ሲሄዱ ኖረዋል፤ አፈሩ ውኃውን ይጠጣላቸው ነበር። ሰም የጠገበ ሊሾ ውኃ አይጠጣም። እኔ ሽንኩርት እየከተፍሁ ነበር። የሰማሁት ጩኸት አልነበረም፤ የእህል ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ስደርስ ቀኝ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ በግራ እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። አንጓቸው ላይ የማንኪያ ጀርባ የመሰለ ጉብታ ወጥቷል።

"ምንም አልሆንሁ" አሉኝ። ቀጠሉና "ወለልሽ አልተሰነጠቀም?"

አባቴ አብዱልሀኪም ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ኮት የሚሰፋ ቡሬ ሞልቷል። የቁልፍ ቀዳዳ በእጅ የሚዘመዝም ግን እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ከፍኖተ ሰላም ሳይቀር ያለቀ ኮት በፌስታል ተጠቅልሎ ለቀዳዳው ብቻ ይላክላቸዋል። ያ ሥራ ከሁለት ጣት በቀር ምንም አይፈልግም፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት። ሁለቱም የቀኝ እጅ ናቸው።

ወጌሻው አያ ገብረሰንበት የማንኩሳ ገበሬ ናቸው፣ የአባቴም የቆየ ወዳጅ። ለገበያ መጥተው ስለነበር ከበርበሬ ተራ ጠርቼ አመጣኋቸው። እጁን በቅቤ አሽተው ሳቡት፣ በቀርከሃ ስንጥቅ ደግፈው አሰሩት። ከመሄዳቸው በፊት የሚሉትን አሉ፤ አገር ሁሉ የሚያውቀውን። በሰባተኛው ቀን እመጣለሁ፣ ያሰረው እጅ ይፈታዋል፣ ሌላ ሰው ከነካው ግን እኔ ሁለተኛ እጄን አላገባም። ቀልድ አይደለም። አምና የአንድ ቤት ሰዎች አዝነው የልጃቸውን እግር ማሰሪያ ቢፈቱ፣ እሳቸው ሁለተኛ ደጃቸውን ሳይረግጡ ቀርተዋል።

እኔ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ሄደን ራጅ እንነሣ ብዬ ነበር። አባቴ ወዳጄን ላሳፍር ወይ አሉ። በማግስቱ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ፣ የስልኩ መስመርም ጠፋ። በዚህ ዘመን እንዲህ ሲሆን ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ እስኪከፈት ይጠብቃል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ ሳቀርብላቸው ጣቶቻቸውን አየሁ። አብጠው እርስ በርሳቸው ተገፋፍተዋል። ጫፋቸው ጠቁሯል፣ ሰማያዊም ሆኗል። ነካሁት፤ እንደ ጉድጓድ ውኃ ቀዘቀዘኝ።

ሽፋኑ የተገነጠለ የመጀመሪያ እርዳታ መጽሐፍ አለኝ። ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ነው። ጥፍሩን ጫን አድርጎ መልቀቅ፣ ነጭ የሆነው ሁለት እስኪቆጠር ቀይ ካልሆነ ደሙ መንገድ አጥቷል ይላል። የአባቴን ሌባ ጣት ጫን አድርጌ ለቀቅሁ። ነጭ ሆነ። ቆጠርሁ። ሰባት ላይ ነው ትንሽ መልክ የመጣበት። የራሴን ጫንሁ፤ አንድ ሳልል ቀላ። እንደገና የአባቴን፤ ሰባት።

ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ከሠፈራችን በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣሁ፣ ወረድሁ፤ የለም። መናኸሪያ ሄድሁ፤ ወደ ማንኩሳ የሚያልፍ የለም፣ ሰው በእግሩ እንኳ አልሞከረም። ወደ ጤና ጣቢያው ሄድሁ፤ በሩ ቁልፍ ነው፣ ዘበኛው የሚሠራ ካለ ነገ ነው አለኝ። ስመለስ እትዬ ናዚፋን አባቴ ዘንድ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እብጠት አጥንት ሲመለስ የሚያመጣው ነው፣ ታገሺ፣ ዱዓ አድርጊ አሉኝ። ዱዓውን አድርጌአለሁ፣ ማሰሪያው ግን ይፈታ ስላቸው ቀስ ብለው ተነሡ።

"ሊሾ አፍስሰሽ ጣልሻቸው" አሉኝ። "አሁን ደግሞ ፈትተሽ አካላቸውን ልታጎድዪ?"

በሩን ከፈትሁላቸው።

እሳቸው ሲወጡ ከአባቴ ፊት በርከክ አልሁ።

"አባዬ፣ ጣትዎን እስኪ ያንቀሳቅሱት።"

ሞከሩ። "አይታዘዘኝም" አሉ፣ የገረማቸው ይመስል።

"ልፍታው።"

"ገብረሰንበት ይቀየመኛል።"

"እሳቸው ቢቀየሙ ይታረቃሉ። ጣት ከተቀየመ አይታረቅም።"

ዝናሙ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። አባቴ ወለሉን ያያሉ፣ ከበሩ እስከ መኪናው፤ ያ ደመና አሁንም ይሄድበታል።

"ሊሾውንም እንዲሁ አውቃለሁ ብለሽኝ ነበር" አሉ። ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖረው በተሻለኝ።

"አዎ። አሁንም ላጠፋ እችላለሁ።"

ይህን ቃል በሕይወቴ ለማንም ብዬ አላውቅም። አባቴም ያውቃሉ። አዩኝና "መቀሴን አምጪ" አሉ።

የአባቴ መቀስ ከጨርቅ በቀር ምንም ቆርጦ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለሁ ወረቀት ብቆርጥበት ነው በዕድሜዬ አንዴ የመቱኝ። አሁን ምላጩን ከቆዳቸውና ከማሰሪያው መካከል በጎኑ አስገባሁት። ማሰሪያው ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። ቀርከሃውን እንዳይነቃነቅ በጉልበቴ ደግፌ፣ አንዱን ቋጠሮ ቆረጥሁ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። በቦታው ለስላሳ ጨርቅ፣ አንድ ጣት እስኪያሾልክ አላልቼ፣ መልሼ አሰርሁ። ክንዳቸውን ሁለት ትራስ ላይ ከፍ አደረግሁት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ጥፍሩን ጫንሁ፤ ሰባት። ሻዩን አሞቅሁ። ጫንሁ፤ ሰባት። ማሰሪያውን የቆረጥሁት በከንቱ ከሆነ ወጌሻም አጣን፣ ጣትም አጣን ማለት ነው። ቤቱን ጠረግሁ፤ የተጠረገ ነበር። ጫንሁ፤ ስድስት። በፍጥነት ቆጥሬ ይሆናል ብዬ ራሴን ጠረጠርሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ እንደገና ጫንሁ፤ ስድስት። ለዓስር ሰላት ሲጠራ አራት ነበር።

አባቴ ድንገት ፊታቸውን አኮማተሩ።

"ምነው?"

"አመመኝ" አሉ። "ጣቴን ጉንዳን የሚበላው መሰለኝ።"

የሰው ሕመም እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጤና ጣቢያው በማግስቱም አልተከፈተም። መንገዱ በአምስተኛው ቀን ተከፈተ። አያ ገብረሰንበት ሰባተኛውን ቀን አልጠበቁም፤ በመጀመሪያው መኪና መጡ። ገብተው ዱላቸውን አስደገፉ፣ አባቴን ሰላም አሉ፣ ከዚያ እጁን አዩ። ቋጠሮው የሳቸው አይደለም። እትዬ ናዚፋ እንደልማዳቸው በራፉ ላይ ናቸው።

"ማነው የፈታው?"

"እኔ ነኝ" አልሁ። አባቴ "እኔ ነኝ ያስፈታሁት" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አያ ገብረሰንበት በእጃቸው ከለከሏቸው።

"ጥፍሩን ጫን አድርገሽ አይተሽ ነበር?"

መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ያለ መስሎኝ የኮራሁበት ነገር የማንኩሳ ገበሬ አፍ ላይ ነበር። አይቻለሁ አልሁ።

"ስንት ቆጠርሽ?"

"ሰባት።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

"የዚያን ቀን ገበያው ሊፈታብኝ ነው ብዬ ቸኩዬ አጥብቄው ነበር" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ። "የልጅህን እጅ አመስግን።"

እትዬ ናዚፋ ከበራፉ ጠፉ። ያን ቀን ማታ ወጥ በሳህን ላኩልን፤ ይቅርታ ማለት ለሳቸው ይኼ ነው፣ እኔም በላሁት።

አያ ገብረሰንበት ራሳቸው ሐኪም ቤት ወሰዱን። አጥንቱ በቦታው ነው ተባለ። ስለ ጣቶቹ ሐኪሙን ስጠይቀው ቀናቱ ይነግሩናል አለኝ። ሌላ ቃል ባገኝ ብዬ ሁለቴ ጠየቅሁት፤ ሁለቴም ያንኑ አለኝ።

ቀርከሃው በስድስተኛው ሳምንት ወጣ። እጁ ከስቶ የሌላ ሰው እጅ መሰለ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይቀራረቡና ከመገናኘታቸው በፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ባቄላ ያልፍ ነበር። በየቀኑ የክር ኳስ እያስጨበጥሁ አስጨመቅኋቸው። ባቄላው ሽምብራ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ሳምንት አልቀነሰም። ኮቶቹ በየፌስታላቸው ጥግ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ አባቴ ወደዚያ ጥግ ማየት ትተዋል። ማታ ማታ ጣቶቻቸውን ከጋቢው ሥር ሲያገጣጥሙ አያለሁ፣ ያላየሁ እመስላለሁ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከጠዋቱ መሮና መዶሻ ይዤ ከበሩ ተንበረከክሁ። ሊሾውን እስከ ጥግ ልፈነቅለው ነው። ሁለቴ እንደመታሁ አባቴ ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ሆነው ጠሩኝ። አቁሚ አሉኝ፤ መርፌ አምጪልኝ፣ ወፍራሚቱን።

ሰጠኋቸው። በግራቸው ተቀብለው በቀኝ ሁለት ጣቶቻቸው መካከል አኖሯት። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ቆመች፤ ወደቀች።

ጢን አለች። ከትንሽነቷ ይልቅ ድምፅዋ ይበልጥ ነበር። ሁለታችንም የት እንደወደቀች ሳንጎነበስ አወቅን።

አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት። በአፈሩ ዘመን የወደቀ መርፌ የሚገኘው በማግስቱ ነው፣ ያውም በእግር።

"ስሚ" አሉ። "አትፈንቅይው። ከበሩ እስከዚህ ያለውን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወቅሪው፣ እግር እንዲይዝ። ከመኪናው ሥር ያለውን ግን እንዳትነኪው። አሁን መርፌዬን አንሺልኝ።"

አነሣሁላቸው፤ ክርም አስገባሁባትና ቁራጭ ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ አኖርሁ። ወደ በሩ ተመልሼ መውቀር ጀመርሁ፤ ጥቂት እመታና ጆሮዬን እሰጣለሁ። ጢን። ተነሥቼ አነሣለሁ። ጢን። አንዳንዱ ቶሎ ይመጣል፣ አንዳንዱ ዘግይቶ። እስከ ዓስር ሰላት ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ወደቀች፤ አሥራ አንድ ጊዜ አነሣሁ።

አሥራ ሁለተኛውን ለመስማት መዶሻዬን በአየር ላይ አቆምሁ። የዝናሙ ጠብታ ከቆርቆሮው ጫፍ ይወርዳል። ሰባት ቆጠርሁ። አሥራ አምስት ቆጠርሁ። ክር በጨርቅ ውስጥ ሲሳብ የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ መሰለኝ፤ ዞር ብዬ ለማየት ግን ፈራሁ፣ መዶሻዬንም አላወረድሁም።