እጅጌው ይርዘምልኝ

መካኒሳ ያለችው ሱቄ ጠባብ ናት። በግራ በኩል እኔ ሬዲዮና ስፒከር እጠግናለሁ፤ በቀኝ በኩል ገበያነሽ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ኪራዩን እኩል እንካፈላለን። ጥገና ያስተማረኝ የለም። የሞተ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ ጆሮዬን እየደቀንኩ ነው የለመድኩት። ለዚህ ነው መሰለኝ ገበያነሽ የዘፈን ግጥም በጻፈች ቁጥር መጀመሪያ ለእኔ የምታነበው። «ጋሽ ከበበው፣ ጆሮ ይገባል ወይስ ይቆረቁራል?» ትለኛለች።

እስካሁን ሁለት ግጥም ሸጣለች። ሁለቱም በዘፋኞቹ ስም ወጡ።

ዘንድሮ በፍልሰታ ጾም መካከል ሚሳኤል የሚባል ፕሮዲውሰር ከብስራተ ገብርኤል መጣ። አንድ ዜማ በስልክ ላከላት፤ ቃል የለውም፣ ላላላ ብቻ።

«እስከ ዓርብ ግጥም ሙይልኝ። ዘፋኙ ከወደደው የስፌት ማሽንሽን ትሸጫለሽ። ደመወዝ እቆርጥልሻለሁ፣ የምትጽፊው ሁሉ ደግሞ የእኔ ይሆናል» አላት።

ያን ማሽን የገዛችው ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥላ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ መጻፍ! ፊቷ ሲበራ አየሁት።

አዲስ ዜማ ሲሰጣት እንዳይጠፋት መጀመሪያ አፏ ላይ የመጣውን ቃል ትሞላበታለች። ማሽኑን እየረገጠች፣ ደንበኞች የነገሯትን እያዜመች በስልኳ ትቀዳለች። ኋላ ያንን አውጥታ ዋናውን ግጥም ታስገባለች። ልብስም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ በእጅ መርፌ ላላ አድርጋ ትይዘውና ኋላ በማሽን ታጠብቀዋለች።

ያን ሰሞን እትዬ አማከለች የተባሉ እናት ሴት ልጃቸውን ለዩኒፎርም ሊያስለኩ መጡ።

«እጅጌው ይርዘምልኝ» አሉ።

«ኧረ እትዬ፣ እጇን ይውጠዋል!»

«ይዋጠው! ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ አያድግም።»

ዓርብ ዕለት ገበያነሽ ያለቀውን ግጥም አነበበችልኝ። ዓይን አለ፣ ጨረቃ አለ፣ ናፍቆት አለ። ግን ከጆሮዬ ደጅ ቀረ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። በጾም ዋሸሁ። ግጥሙን በድምጿ ቀድታ ላከችው።

ቅዳሜ ከቅዳሴ ስመለስ ሚሳኤል ሱቁ ውስጥ ቆሟል።

«ዘፋኙ አለቀሰ እኮ!» ይላል። «ያቺ እጅጌ የምትለዋ ነገር!»

ገበያነሽ መቀሷን አስቀመጠች። «የቷ እጅጌ?»

ስልኩን ከፈተው። ከማሽኑ ድምፅ ጋር የራሷ ድምፅ መጣ፦

«እጅጌው ይርዘምልኝ፣ ልጄ ታድጋለች፤
ዘንድሮ ቢሰፋት፣ ከርሞ ትሞላዋለች…»

«ወይኔ! በስህተት ነው የላክሁት! እሱ እኮ ዜማውን መያዣ ነው፣ ግጥም አይደለም።»

«እኛ የፈለግነው ስህተቱን ነው» አለና ውሉን ዘረጋላት። «በይ ፈርሚ። ይቺን ማሽንም ሁለተኛ እንዳላያት።»

ገበያነሽ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሽ ከበበው፣ ምን ይላሉ?»

ደመወዙ ከሁለታችን ገቢ ድምር ይበልጣል። ፈርሚ ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በትናንቱ ላይ ሌላ ውሸት መጨመር ፈራሁ።

«የትናንቱ ግጥምሽ ጆሮዬ አልገባም ነበር» አልኳት። «ይሄኛው ገባ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈርቼ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። የማሽኑን አንገት በመዳፏ ዳበሰችው።

«ሚሳኤል፣ ማሽኑን ከሸጥኩ እንዲህ ያለ ቃል ከየት አመጣለሁ? ደመወዙ ይቅርብኝ። ይህቺን አንዷን ልሽጥልህ። ስሜ ይጻፍባት።»

«ነገ ሌላ ግጥም ስፈልግስ?»

«ትመጣለህ። ዩኒፎርም የሚሰፋበት የት ነው ብትል ሰፈሩ ሁሉ ያሳይሃል።»

«ስም ከፈለግሽ ዋጋው ግማሽ ነው።»

ቤት አከራይዋ ኪራይ እንደጨመረባት አውቃለሁ። እኔም በልቤ እመብርሃንን ጠራሁ።

«ግማሽ ይሁን» አለች። «ጻፍ። ከነአባቴ ስም ጻፈው።»

እያጉረመረመ የአንዷን ግጥም ውል እንደ አዲስ ጻፈው። ውሉን ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች።

ከሰዓት እትዬ አማከለች ዩኒፎርሙን ሊወስዱ ሲመጡ ገበያነሽ እያንጎራጎረች ነበር። በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ።

«አንቺ! ይሄ የእኔ ቃል አይደለም?»

«ዘፈን ሆነልዎት፣ እትዬ።»

«እሰይ! ድርሻዬስ ታዲያ?»

ለቀልድ ነው ያሉት። ገበያነሽም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። የተጣጠፈውን ዩኒፎርም መልሳ ዘረጋችና የእጅጌውን ጠርዝ ተረተረችው። ካስቀመጠችው ቁራጭ ጨርቅ ቀጥላ፣ አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጠፈችው።

«ልጅቷ ባደገች ቁጥር ይዘውልኝ ይምጡ። እኔ አወርድላታለሁ፤ ሳንቲም አልቀበልዎትም።»

«ዘፈንሽ ከወጣ በኋላ ደግሞ የት ትገኛለሽ?»

«እዚሁ» አለችና ማሽኑን ረገጠችው።