እርቅ በቴሌግራም

እኔ፣ የአገሬ ሰው፣ ነገር በሆዴ መያዝ አልችልም። የፕሮግራመሮች የቴሌግራም ግሩፓችን አስጠልቶኛል፤ ስሙ ሲነሳ እንኳ ያቅለሸልሸኛል። ድሮ የተቸገረ ኮዱን ይለጥፋል፣ የሚያውቅ ያርምለታል፤ እዚያ ተምረው ደህና እንጀራ ያገኙ አሉ።

ምሥራቅ የሞጣ ልጅ ናት፤ ቢቸና ተመድባ ከእኔ ጋር ትኖራለች። የገበያውን የእህል ዋጋ ለገበሬው በስልኩ የሚልክ ፕሮግራም ከቢሮ መልስ እየሠራች ስንት ጊዜ ደከመችበት። ስትጨርስ "እስቲ እዩልኝ" ብላ ሙሉውን ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። አይቶ ሞቷል! ይርሳው የሚባለው የሞጣው ጉደኛ ስሟን አጥፍቶ፣ የራሱን ጽፎ፣ ገጹ ላይ ሰቀለው። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ቅጥር ሲያወጣ ሁለቱም ያንኑ ሥራ ይዘው አመለከቱ። ድርጅቱም የማን እንደሆነ እስኪጣራ ቅጥሩን አቆመ።

"ግሩፑ ላይ የለጠፍሽውን ላኪላቸው" አልኳት። ሳትልክ ሽማግሌ መጣ።

ግሩፑን የከፈቱት ጋሼ ሀብተ ሥላሴ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ፣ ይርሳውንና ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከሞጣ በአውቶቡስ መጡ። ይርሳው ከበራችን ያነሳትን ጠጠር የምታህል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። አፍሮ እንኳ ደህና ድንጋይ አልመረጠም።

"ልጄ፣ እርቅ ደም ያደርቃል" አሏት ጋሼ። "የግሩፑን ስም አታስነሺ።"

"እውነቱን ለድርጅቱ ይጻፋ" አልኩ እኔ።

"ይጽፋል፤ በእኔ ይሁንብሽ። አንቺ ነገር አትቆስቁሺ።"

ይርሳው ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ጋሼ ወደ ምሥራቅ ዞሩና "አንቺም በይ እንጂ፣ ሥርዓቱ ነው" አሏት። በእኛ አገር የተበደለም ይቅር በለኝ ሳይል እርቅ አይሞላም። ተነሥታ "ይርሳው፣ እኔም የበደልኩህ ካለ ይቅር በለኝ" አለችው። አንዱ ሽማግሌ ግሩፑ እንዲሰማው ብሎ በስልኩ ቀዳው። ጋሼም ቂም እንዳይቀር ብለው የለጠፈችውን ኮድ ከግሩፑ ላይ አጠፉት።

በሳምንቱ ድርጅቱ ለምሥራቅ ጻፈ። "አቶ ይርሳውን ይቅርታ የጠየቁበት ድምፅ ደርሶናል፤ ማመልከቻዎ ተሰርዟል" ይላል። ይርሳው የራሱን ይቅርታ ቆርጦ የእሷን ብቻ ልኮ ነው። ለጋሼ ደወልኩ። "ልጄ፣ የታረቀ ነገር አይቀሰቀስም" ብለው ዘጉብኝ። ግሩፑ ላይ ደግሞ "እንኳን ደስ ያለህ ይርሳው" ይዘንባል። ሁሉም ሌባውን ያውቃሉ፤ ነገ ሥራ ይፈልግልናል ብለው ነው የሚያጨበጭቡለት። ቱ! ማፈሪያ ሁላ።

ድርጅቱ ይርሳውን ቀጥሮ ፕሮግራሙን ሥራ ላይ አዋለው። ሰሞኑን ከሥራ ስንመለስ በራችን ላይ የምሥራቅ ስልክ ጮኸ። ይርሳው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሳችው።

"ምሥራቅዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ፕሮግራሙ የባለፈውን ገበያ ዋጋ እየላከ አስቸገረኝ። የቱ ጋ ነው የሚስተካከለው? አለቆቼ እየጠየቁኝ ነው።"

"ዝጊው! ራሱ ይወጣው፣ እዚያው ይዋረድ" ብዬ ስልኩን ነጠቅኳት።

ምሥራቅ አልተቆጣችም። እጇን ዘረጋችና "ሰው እኮ በዚያ ዋጋ ጤፉን እየሸጠ ነው" አለችኝ። ስልኩን ሰጠኋት። በሩ ላይ እንደቆመች መልሱን ትጽፍለት ጀመር።