ሊቶሪናዋን አረንጓዴ ያደረጋት ሰው

«አስራ ስምንት ሜትር ከሆነማ» አለ ጉቱ፣ ብሩሹን ከጣሳው ሳያወጣ፣ «ሦስት ጋሎን ቀይ ይፈጃል። የዝገት መከላከያውን አንቲረስት ሳልቆጥር ነው።»

«አስራ ስምንት ርዝመቷ ነው» አሉ ጋሽ ክብሩ። «ከፍታዋ ሦስት ሜትር ያልፋል። መስኮቶቿ ደግሞ አይቀቡም።»

ጉቱ ቀና አለ። ሮቤ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት ታፔላ ሲጽፍና የግቢ በር ሲቀባ፣ መስኮት ያለው አጥር ገጥሞት አያውቅም።

«ሦስት ሜትር አጥር? ጎባ ላይ ማን መጣብዎት፣ ጋሽ ክብሩ?»

«አጥር ያለህ ማነው? እኔ የማወራህ ስለ ባቡር ነው።»

በዚህስ ጉቱ አይፈረድበትም። ባሌ ስንዴውም ገብሱም ሞልቶላታል፤ ባቡር ግን ደጇን ረግጦ አያውቅም። ሰው ማለዳ ሱቅ ገብቶ «ቀይ ቀለም ታውቃለህ ወይ፣ ርዝመቷ ይህን ያህላል» ሲል አጥር ነው ብሎ የማያስብ ቀለም ቀቢ በአገሩ የለም።

ሽማግሌው ከካፖርታቸው ስር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ባንኮኒው ላይ ፈቱት። የፎቶ ፍሬም ነው። አንዲት ሊቶሪና፣ ያቺ በሞተር የምትሄደው የመንገደኛ ባቡር፣ ግንባሯ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተሰክቶባት ቆማለች። ከጎኗ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ብሩሽ ይዞ ፈገግ ብሏል።

«ይቺን ድሬዳዋ እያለሁ በእጄ ቀብቻታለሁ» አሉ። «ከወገቧ በታች ቀይ፣ ከወገቧ በላይ ክሬም። አሁን እስቲ እያት።»

ጉቱ አየ። ሊቶሪናዋ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ናት።

«አረንጓዴ ናት እኮ።»

«እሱን አሰፋሽም ነግራኛለች» አሉ ጋሽ ክብሩ፣ ደከም ብለው በርጩማው ላይ እየተቀመጡ።

ነገሩን ዘረዘሩለት። አሰፋሽ ልጃቸው ናት፣ ጎባ ጤና ጣቢያ ነርስ። ባለፈው ወር አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ባጃጅ ተሳስተው ከተማው ዳር ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ አባቷን እንደ በሽተኛ ታያቸው ጀመር። አንድ ማታ ስለ ባቡሯ ሲያወሩ ቀይ ነበረች አሉ። እሷም ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አሳየቻቸው። ያን ጊዜ ተጨቃጨቁ፤ በማግስቱም እሷ አዳማ ላለው ወንድሟ ለፍቅረሥላሴ ደወለች፤ አባባ በእጃቸው የቀቡትን ቀለም ረስተዋል፣ ብቻቸውን ውለው ማደር አይችሉም ብላ። ፍቅረሥላሴ ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል። አዳማ ላይ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው።

«እዚያ ምን እሠራለሁ?» አሉ። «የሚስቴ መቃብር እዚህ፣ ዕድሬ እዚህ፣ የማማው ሰው እዚህ። ደግሞ ፎቅ ላይ ሰው የሚታማበት ደጅ የለም። ቀይ እንደነበረች የሚያሳይልኝ፣ ቀለም የሚያውቅ ሰው ማነው ብዬ ስጠይቅ፣ ሁሉም አንተን ነው የሚለኝ።»

ጉቱ ይህን መስማት ይወዳል። ሱቁ በር ላይ «የቀለም ሐኪም» ብሎ የጻፈው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እስኪጽፍለት ለመጠበቅ ትዕግስት አልነበረውም። ፍሬሙን አንስቶ ወደ ብርሃን ወሰደው። መጀመሪያ ያየው ባቡሯን አልነበረም፤ የጎልማሳውን ከንፈር ነው። ኩላሊት የመሰለ ቀይ ከንፈር፣ ለሠርግ እንደተዘጋጀች ሙሽራ።

ጉቱ ፍሬሙን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። በመላው ባሌ ለወንድ እንዲህ ያለ ከንፈር የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት፣ ጢሙ ገና ሲያቆጠቁጥ፣ ጎባ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በውሃ ቀለም ያቀልም ነበር። ጉንጭ ሮዝ፣ ከንፈር ቀይ፣ ሣር አረንጓዴ። የማያውቀውን ነገር የሚያውቀውን እያስመሰለ ያልፈው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ሴት ባቡር ይዛ መጣች። ጉቱ ባቡር አይቶ አያውቅም። ረጅም ሆኖ መስኮት የደረደረ፣ ሰው የሚጭን ነገር እሱ የሚያውቀው አንድ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ጎባ የሚገባው አውቶቡስ። አውቶቡሱ አረንጓዴ ነበር።

«ጋሽ ክብሩ» አለ ፊቱን ሳያዞር፣ «ይህን ያቀለመው ማነው?»

«ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና ጎባ ፎቶ ቤት ወስዳ አስቀለመችው። ለኔ ድንገተኛ ስጦታ ብላ።»

«ሲያዩት ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ደስ ብሏት ነበራ። ሁለት ወር ከጎመን መግዣው ቆጥባ ነው። ባቡሯ ቀይ ናት ብዬ ምን ልጠቀም?» ከንፈራቸውን በጣታቸው ዳበስ አደረጉና፣ «ከንፈሬንም አይቻለሁ» አሉ።

ጉቱ ሳል የመሰለ ነገር ሳለ። ዝም ብሎ ቢሸኛቸው የሚያውቅበት የለም። የቀለም ሐኪምነቱም እንደተከበረ ይውላል። ግን ቅዳሜ መኪናው ይመጣል።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ባቡሯን። ከንፈሩንም።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሰው እኮ ጎበዝ ቀቢ ነው ብሎ ነው የላከኝ» አሉ።

ጉቱ ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው ሚኒባስ ተሳፈረ። ጎባ ሲደርሱ አሰፋሽ ጋውኗን እንደለበሰች በር ላይ ቆማ ነበር። ሥራ አቋርጣ ሰፈሩን አስሳለች፤ ስልካቸው ላይ ብትደውል አልጋቸው ትራስ ስር ጮኸባት።

«የት ሄደው ነው? ማንን አስከትለው ነው የመጡት?»

«ባቡሬን አረንጓዴ ያደረጋትን ሰው» አሉ አባቷ፣ አልፈዋት እየገቡ።

ጉቱ የሆነውን እንደሆነው ነገራት። አሰፋሽ እጇን አጣጥፋ ሰማችው። ለሽማግሌ ብሎ የሚዋሽ ሰው አይታ ታውቃለች፤ ጤና ጣቢያው በነሱ የተሞላ ነው።

«አባባ ይሉኝታ አስይዘውህ ነው» አለችው። «አረንጓዴ የቀባኸው አንተ ብትሆንስ? ከስሩ ቀይ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«አላወቅሁም። እናያለን» አለ ጉቱ። «ያረጀ ታፔላ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዞ፣ እንደ ድሮው ጻፍልኝ የሚለኝ ሰው ይመጣል። ያኔ ፎቶው ውስጥ ቀለሙን የማውቀውን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። እዚህ ሰንደቅ ዓላማ አለ። ላዩ አረንጓዴ፣ ታቹ ቀይ። የኔን ቀለም ካነሳነው ግራጫው ይቀራል። የባቡሯ ግራጫ የየትኛውን እንደሚመስል አንቺው ትፈርጃለሽ። ጋሽ ክብሩ፣ ያለዎት ፎቶ ግን ይህ ብቻ ነው። ቢበላሽስ?»

«ንካው» አሉ።

ጉቱ ፎቶውን ከፍሬሙ አወጣና ጥጥ በምራቁ ሊያርስ ወደ አፉ አስጠጋ።

«በምራቅ?» አለች ነርሷ።

«ፎቶ ቤት ያስተማሩን እንዲህ ነው።»

ጥጡን ከእጁ ቀምታ ከቦርሳዋ ንጹሕ አወጣች፤ ውሃም በሲኒ አቀረበችለት። ጉቱ ከባንዲራው ጀመረ። ሠላሳ ሰባት ዓመት የኖረ ቀለም ቶሎ እሺ አይልም። ቀስ እያለ እያሸ ጥጡ ስድስት ጊዜ ተቀየረ። ከዚያ የባቡሯን ወገብ ያዘ። አባትየው መስኮቱን ነበር የሚያዩት፤ ወደ ጠረጴዛው አላዩም። ጣቶቻቸው ግን የካፖርታቸውን ቁልፍ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ነይ እይ፣ ሲስተር» አለ ጉቱ።

አሰፋሽ ጎንበስ አለች። የባንዲራው ላይኛ መስመር ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ታችኛው ጠቆር ይላል። ከባቡሯ ወገብ በታች ያለውም ልክ እንደሱ ጠቁሯል፤ ከወገቧ በላይ ደግሞ ነጣ ብሏል። አረንጓዴው ሁለቱንም ሸፍኗቸው ኖሯል። አሰፋሽ ጣቷን ከታችኛው መስመር ወደ ባቡሯ ወሰደች፣ መለሰች። ወደ ላይኛውም ሞከረች፤ አልገጠመም።

«ሁለት ቀለም ናት» አለች በቀስታ። «ታቹ ቀይ ነው።»

ቀና አለች። ስልኳን አወጣች፣ የወንድሟን ስም አየች፣ ጋውኗ ኪስ መልሳ ከተተችው። ከዚያ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ባቡሯስ ቀይ ትሁን፣ አባባ። እሱን እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ለፍቅረሥላሴም እነግረዋለሁ። ግን እኔም ሰው ነኝ። ዛሬ ለማንም ሳይነግሩ ሮቤ ድረስ ሲሄዱ ስልክዎን ረስተው ነው የወጡት። ይህንንስ ምን ልበለው?»

ጋሽ ክብሩ የካፖርታቸውን ቁልፍ ዘጉ።

«አልረሳሁትም» አሉ። «እንዳትደውይልኝ ብዬ ነው የተውኩት።»