በውሃው በኩል

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ምድጃውን እቆሰቁሳለሁ። አመዱን በባልዲ አወጣለሁ፣ ከሰል እጨምራለሁ፣ የአየር ማስገቢያውን እከፍታለሁ። ከዚያ የወለሉን ክዳን አንስቼ የምኖርባትን ጀልባ ሆድ በእጅ ባትሪ አያለሁ፤ ከሞተሩ ሥር ውሃ ከተጠራቀመ ፓምፑን አስነሳለሁ። ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ መስኮቶቹ ላይ የቋጠረውን እርጥበት በጨርቅ እጠርጋለሁ። ድሮ ይህን ሁሉ የሚሠራው ባሌ ዊልፍ ነበር። የእኔ ድርሻ ሻይ መጠጣትና ስህተት ማረም ነው ይል ነበር።

ሻዬን ይዤ ስቀመጥ፣ በቦዩ ዳር የታሰረችው ጀልባ ከዳሩ ወደ ውሃው በኩል ታዘነብላለች። ብዙ አይደለም። ኩባያው ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ይንሸራተታል፣ የተሰቀለው መጥበሻ ከግድግዳው ራቅ ይላል። ጠባብ ጀልባ ሰው አንድ ጎኗ ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ትሆናለች። ዊልፍ ከባድ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ ወደ ኋላ ይወጣና ከመሪው አጠገብ፣ በውሃው በኩል ባለው ሣጥን ላይ ይቀመጥ ነበር። እሱ የሞተው ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው። ብርዱ ከገባ ወዲህ ጀልባዋ ያላዘነበለችበት ጠዋት የለም።

የኋላውን በር አልከፍትም። «ውጪው ውርጭ ነው፣ ካፖርትህን ደርብ» እላለሁ፣ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ። ረፋዱ ላይ ጀልባዋ ቀስ ብላ ትቃናለች።

ባለፈው ሐሙስ ቤሪል መጣች። ቤሪል ከሰል በጀልባ እያዞረች የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት። ከረጢቱን በትከሻዋ እንደተሸከመች ጀልባዋን ከዳር ያሰርኩበትን ገመድ በጫማዋ ነካ አደረገችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህችን ጀልባ ማን ሊሰርቅሽ ነው? ገመዱ ከመወጠሩ የተነሳ ብመታው ዘፈን ያወጣል።»

«ነፋስ እንዳይወስዳት ብዬ ነው።»

«ነፋስ የት ያደርሳታል? ዊልፍ ሁልጊዜ ያላላው ነበር። እነዚያ የቦዩን ግድግዳ የሚጠግኑት ሰዎች በየጠዋቱ በጀልባቸው ከመታጠፊያው ወዲያ ባለው የውሃ በር ሲወርዱ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር የዚህ ቦይ ውሃ ይጎድላል። ያን ጊዜ ጀልባሽ በዚህ ጎን ገመዱ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ በዚያ ጎን ትወርዳለች። አላስተዋልሽም?»

«አስተውያለሁ።»

ቤሪል ከረጢቱን አወረደች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት።»

አየችኝ። ከዚያ የተዘጋውን የኋላ በር አየች፣ በሣጥኑ ላይ ያለውን ቦታም። ጓንቷን አውልቃ ኪሷ ከተተች።

«የኔ እህት፣» አለች፣ «ሥራቸውን ጨርሰዋል። ነገ ጀልባዎቻቸውን ሁሉ ነው የሚያወርዱት። ውሃው እንደ ልማዱ አይደለም የሚጎድለው። የወጥ ቤትሽ የእጣቢ መፍሰሻ ደግሞ በዚያ ጎን ነው።»

አውቃለሁ። የመፍሰሻው ቀዳዳ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። እሱ አንዴ ከጠለቀ ውሃው በራሱ ይገባል፣ ጀልባዋም በዚያው ትሰምጣለች። ከቦዩ ላይኛው በኩል እንዲህ የሰመጠች ጀልባን ከጭቃ ካወጡት ሰዎች አንዱ ዊልፍ ነበር። ከዚህች ሌላ ቤት የለኝም።

«ላላላልሽ?»

«ተዪው። እኔው አላላዋለሁ።»

«እሱ ቢኖር ያበሻቅጥሽ ነበር።»

«ገመድ ማሰር አትችዪም እያለኝ ነው የሞተው።»

«ታዲያ ምን ዋሸ?» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ከረጢቱን ጣሪያው ላይ ጭና፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ሄደች።

ሳይመሽ ወደ ዳሩ ወረድኩ። ውርጩ ቋጠሮውን አድርቆት ነበር። የፊቱን ገመድ ፈትቼ እሱ ያደርግ እንደነበረው ክንድ ያህል አላላሁት። የኋላው ላይ እጄ ቆየ። እሱንም አላላሁት። ጀልባዋ ከዳር ትንሽ ፈቀቅ አለች።

በማግስቱ ምድጃውን ቆሰቆስኩ፣ አመዱን አወጣሁ፣ ከወለሉ ሥር ያለውን አየሁ። ከመታጠፊያው ወዲያ ሞተር ተሰማ፣ ቀጥሎም የውሃ በሩ ብረት። ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩ። በመስኮቱ በኩል በቦዩ ግድግዳ ላይ ያለው እርጥብ መስመር እየሰፋ ሲወርድ አየሁ። ጀልባዋ ከውሃው ጋር ቀጥ ብላ ወረደች። ኩባያው ካስቀመጥኩት ቦታ አልተነቃነቀም።

ስለ ካፖርቱ ለመናገር አፌን ከፍቼ ተውኩት። ተነስቼ የኋላውን በር ከፈትኩ። ሣጥኑ ላይ ማንም ያልነካው ውርጭ አለ።

አሁን በውሃው በኩል የሚቀመጥ የለም።