ሰባት ጊዜ የታረመ የሕይወት ታሪክ

መምህር ስማቸው ግምጃ ቤት ከተማ ላይ ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሮ ጡረታ ወጣ እንጂ፣ ቀይ እስክሪብቶው ጡረታ አልወጣም። የገዛ ጽሑፉ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ያርማል፣ ይገለብጣል፣ የገለበጠውን መልሶ ያርማል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትጥመው ብትቀር ምሳ አይበላም።

የልጅነት ጓደኛው አወቀ አልጋ ላይ ሲውል ያስጠራው ይህንኑ አውቆ ነው።

«ስሞት በቀብሬ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፍልኝ» አለው። «ሰርክአዲስንም ጻፋት። እስከ ዛሬ ሰው ፊት ልጄ ናት ብዬ አላውቅም። ያን ቀን አገር ይስማ።»

ሰርክአዲስ፣ አወቀ ሚስት ሳያገባ በፊት አዘና ከተማ ላይ የወለዳት ልጅ ናት። አርባ ዓመት ሙሉ በእናቷ አባት ስም ተጠርታ ኖራለች። ስማቸው ገበያ ላይ ሲያገኛት «ያን ቀን ስምሽ ይነበባል» ብሎ ቃል ገባላት። ይህን ባይነግራት ምን ነበረበት!

አወቀ ግን ቶሎ አልሞተም፤ ስምንት ወር ቆየ። ስማቸውም ስምንት ወር አረመ። ንጹሑ ቅጂ በፖስታ ታሽጎ የአወቀ ሚስት ወይዘሮ የሻረግ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። እሱ ደግሞ በየወሩ «አንዲት ነገር ቀርታኛለች» እያለ ያስወጣዋል፤ ያርመዋል፤ በናርዶስ ኮምፒውተር ቤት አስተይቦ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ላይ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ያነብለት ነበር። ከአራተኛው ቅጂ በኋላ አወቀን መስማቱም ሲደክመው ስማቸው ማንበቡን ተወው።

አወቀ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዐረፈ። ፈረሰኛውም እግረኛውም ከየአቅጣጫው መጣ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጢም አለ። የዕድሩ ጸሐፊ ሰባተኛውን ቅጂ አነበበ። እውነት ለመናገር ያማረ ጽሑፍ ነበር። የሻረግ የወለደቻቸው የአምስቱ ልጆች ስም ተጠራ። ስድስተኛ ስም ግን አልተከተለም። ጸሐፊው «ነፍሱን ይማር» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። ከሴቶቹ ኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የቆመችው ሰርክአዲስ ለቅሶዋን አቁማ ስማቸውን አየችው።

የስማቸው ደም ፈላ። ማን አወጣት? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ እሱ ደግሞ የሚጠረጥረው አላጣም። በማግስቱ ጧት ጽሑፉን ወደምትተይብለት ወደ ናርዶስ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ እኔ የሰጡኝን ነው የጻፍሁ» አለች። «አንብበውም ነው የወሰዱት።»

አንገቷን ለምን ደፋች? መንገድ ላይ ሲያወጣ ሲያወርድ ናርዶስ የወይዘሮ የሻረግ የክርስትና ልጅ መሆኗ ትዝ አለው። በቃ፣ ነገሩ ተገጣጠመለት። ቁልፉ በአንዷ አንገት፣ ኮምፒውተሩ በሌላዋ እጅ!

በሠልስቱ ለቀስተኛው ሳሳ እስኪል ጠብቆ የሻረግን ጠጋ አላት።

«ያ ፖስታ ተከፍቶ ነበር እንዴ?»

«ከፍቼ ምን ላደርገው መምህር? እኔ ፊደል አልቆጠርሁ።»

«የቆጠረች የክርስትና ልጅ አለችዎት።»

የሻረግ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲያነቡለት ከመጋረጃው ኋላ ነበርሁ» አለች። «የልጅቱን ስም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም። በሦስተኛው ቀን ‹ይነበብ፤ ልጅ ልጅ ነው› አልሁት። በቀብሩ ስሟ ሲጠራ ሄጄ ላቅፋት ቆርጬ ነበር። ሳይጠራ ቀረ። እኔማ እርስዎን ነበር የጠረጠርሁ።»

ስማቸው ነጠላውን እንኳ ሳያስተካክል ተነሥቶ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ያረማቸውን ቅጂዎች በሙሉ አልጋው ላይ ዘረጋ። አንደኛው ላይ አለች። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ላይም አለች። አምስተኛው ላይ «አቶ አወቀ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሰርክአዲስን አዘና ላይ ወለዱ» በሚለው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ዳር ላይ በራሱ እጅ «ከታች ይግባ» ተብሏል። በስድስተኛውም በሰባተኛውም ላይ ግን ከታች አልገባም። ከታች ያለው የአወቀ የፈረስ ጉግስ ነበር፤ እሱን ሲያሳምር፣ ሲያሳጥር፣ መልሶ ሲያስረዝም ልጅቱን ረሳት። ሁለት ሴቶችን መጠርጠሩ አሳፈረው። ከሁሉ ግን የሰርክአዲስ ዓይን ነበር የከበደው።

ቅዳሜ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ አዘና ወረደ። ሰርክአዲስ ገበያ ውስጥ ድንቿን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ያወጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው የለበትም» አላት። ወረቀቱን አሳያት። «የተሻለ ቦታ ልፈልግልሽ ብዬ ነው።»

ቀዩን መስመር በጣቷ ተከተለችው። «አባቴ ያስቀመጠኝ ቦታ ምን ጎደለው?»

«ለአርባው አስተካክዬ ጽፌ፣ እኔው ራሴ ቆሜ አነብበዋለሁ» አላት።

ሰርክአዲስ ወረቀቱን መለሰችለት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«ጋሼ» አለችው፣ «ሰው ስንት ጊዜ ይቀበራል?»

ከዚያ ቆማ ወደምትጠብቃት ገዢ ዞራ ድንቹን መስፈር ጀመረች።