የግራ እግር ፍሬን

«ፍሬኑን በደንብ ሳያስር ነው የለቀቀለት። ልጁን በልቶ፣ ደግሞ ንፍሮ ሊበላ መጣ!»

ሹክሹክታው ሰገነት ከተቀመጠችበት ጀርባ ነው። ባሏ ሄኖክ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ። የሚታማው መካኒኩ ኤልሳዕ ድንኳኑ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። ደንበኞቹም ሞተራቸውን ከጋራዡ እያወጡ ነው አሉ። ሐዘንተኛ መቼም የሚወቅሰው አያጣም።

ሄኖክና ኤልሳዕ ያንን ኖርተን የሚባል የእንግሊዝ የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል ከአንድ ጓሮ ሲያወጡት ዶሮ ሰፍሮበት ነበር። ሦስት ዓመት ለፍተው ለሐዋሳው የአሮጌ ሞተሮች ውድድር አደረሱት። ችግሩ፣ ፍሬኑ በግራ እግር፣ ማርሹ በቀኝ ነው፤ ከዛሬ ሞተር ሁሉ ተገላቢጦሽ። ስለዚህ ሄኖክ ሌላ ሞተር ላይ ላይወጣ ማለ። እራት ላይ ሰገነት በድንገት «በሬ!» ትለዋለች፤ እሱ ፍሬን እንደሚይዝ በግራ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ይሳሳቃሉ።

በሞተበት ቅዳሜ ጠዋት ግን እንግዳ ሊመጣባት ነው፤ የዳጣ ቃሪያ አልቆባታል።

«የጎረቤት ሞተር ተዋስና ገበያ ብቅ በልልኝ።»

«እግሬ ይረሳል አልኩሽ እኮ።»

«በአንድ ቀን? አትቀልድ ባክህ!»

ሄደ። ቃሪያውን አመጣላት። ከሰዓት በኋላ በዲምቱ መንገድ ኖርተኑን ሲሞክር በሬ ገባበት።

«ፍሬኑ ደህና ነው» ብሏታል ኤልሳዕ ከአደጋው በኋላ ሞተሩን አይቶ፣ ለእሷ ብቻ። «ማርሹን ግን ጨምሮ አገኘሁት። በቀኝ እግሩ ነው የረገጠው። ምን ነካው? ለምዶት ነበር እኮ!»

መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ብትናገር አማቷን ታጣለች፤ ዝም ብትል የኤልሳዕ ስም ይጠፋል። የሆዷን በሆዷ ይዛ ሦስት ቀን አለቀሰች።

የሄኖክ እናት አሳየሽ ከሰገነት ጎን ተነሥተው ኤልሳዕ ፊት ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ነገ እንዳትመጣ። ሳይህ ልጄ እንደገና ይሞትብኛል።»

ኤልሳዕ ተነሣ።

«ተቀመጥ!» አለች ሰገነት። «እማዬ፣ ፍሬኑ ደህና ነበር። ያን ዕለት ጠዋት እምቢ እያለኝ በሌላ ሞተር የላክሁት እኔ ነኝ። ለቃሪያ። እግሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

አሳየሽ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱና ከሴቶቹ መጨረሻ ተቀመጡ። ከሰገነት ጎን ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ውጭ መንገዱ ላይ ሞተር እየጮኸ መጣ። «ኧረ በሬውን!» አለ አንድ ሰው።

የሰገነት ግራ እግር ምንጣፉን ረገጠ። ሞተሩ ካለፈም በኋላ አላነሣችውም።